ከእንጨት ክምሩ ሥር

ኢስታራቭሻን፣ ኖቬምበር 9፣ 2004

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለሾዲ፣

አሰላሙ አለይኩም። የዬካተሪንበርግ ብርድ ጉልበትህን አይንካው፤ የምትበላው ይስማማህ፤ የምታርፍበት ጣሪያ አያፍስስብህ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ልጄ ኡስሞን ከሰሜን፣ ከጋዝ ቁፋሮው፣ ሰላም ነኝ ብሎ ልኳል። ሚስቱ፣ ያንተ እህት ዙልፊያ፣ ሆዷ ገፍቷል። ስትነሳ ወገቧን ትይዛለች። ልጁ ግን እንደ ጠቦት ይራገጣል፤ እጄን አስቀምጬ አይቼዋለሁ።

የላክኸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ደረሰ። የጭነት መኪናው ሾፌር በራችን ላይ ሲያወርደው ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አየ። የሟቹ ባሌ ወንድም የኢስማት ሚስት ኢኖያት እጇን ወገቧ ላይ ጭና፣ «ሳፋርጉል፣ እንግዲህ እጅሽ ለቀለበት ብቻ ሊሆን ነው» አለችኝ። «ከቀናሽ አንቺም የሚልክልሽ የወንድም ልጅ ፈልጊ» አልኳት። ሳቀች፤ ጥርሷ ብቻ።

አሁን አትቀየመኝ። ማሽኑ ውሃ አይጠጣም። ቁልፉን ስንጫነው መብራቱ ይበራል፣ እንደ ተቆጣ ድመት ያጉረመርማል፣ ከዚያ ዝም። ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። በሩን ስንከፍተው ልብሱ እንደገባ ደረቅ ነው። ኤሌክትሪክም በክረምት ለጥቂት ሰዓት ነውና የሚሰጡን፣ እሱን ስንጠብቅ ውለን ማሽኑ ደግሞ ያኮርፍብናል።

ቧንቧችንም ከመከር ወዲህ ደክሟል። ኢስማት «ቱቦው የድሮ ነው፣ መንገዱ በሙሉ እንዲህ ነው» ይላል። ስለዚህ የምንታጠበውን ከቦዩ እናመጣለን። እኔ ነኝ የማመጣው፤ አታስብ።

ስልክ እንዳትደውል። ስልኩ ያለው በግቢው በእነሱ ወገን፣ በኢስማት ሳሎን ነው፤ ሻይ እየጠጡ ነው የሚያደምጡን። በመንገደኛ እጅ ጻፍልኝ። ገንዘብ አልጠይቅህም። ምን እንደማደርግ ብቻ ንገረኝ።

አክስትህ ሳፋርጉል


ዬካተሪንበርግ፣ ኖቬምበር 28፣ 2004

ለተከበሩ አክስቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እጅዎን እስማለሁ፤ ዱአዎ እዚህ ድረስ ይሞቀኛል።

ያ ማሽን ውሃ አይጠጣም ሲሉኝ ሰው ልጅህ ሰነፍ ነው ያለኝ ያህል ነው የተሰማኝ። በገዛ እጄ ፈታትቼ ያደስኩት ነው። ከመጫኑ በፊት የራሴን አንሶላ አጥቤበታለሁ። ጤነኛ ሆኖ ነው ከኔ የወጣው። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉልኝ።

በመጀመሪያ ከግድግዳው ላይ ማሽኑ የተገጠመባትን ትንሿን ቧንቧ ይዩ። ሰው ዋናውን ከፍቶ እሷን ይረሳታል። ከዚያ ማሽኑን ወደፊት ሳብ አድርገው ከኋላ ጎማው ታጥፎ እንደሆነ ይዩ፤ ግድግዳ ላይ ሲጠጋ ጎማው አንገቱ ይታነቃል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ መሰኪያውን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፣ ቧንቧውን ይዝጉ፣ ጎማውን ከማሽኑ ጀርባ ይፍቱ። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች። በፒንሳ ቀስ ብለው ይሳቧት። የኛ ሰፈር ውሃ አሸዋ እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ሞልታ ይሆናል። በጥርስ ብሩሽ ይፈትጓትና ይመልሷት። በመጨረሻ፣ ጎማውን ሳይገጥሙ ጫፉን ባልዲ ውስጥ አድርገው ቧንቧውን ይክፈቱ። ውሃው እንዴት እንደሚመጣ ይጻፉልኝ። ይንጠባጠባል ወይስ ይገፋል? ዋናው ነገር እሱ ነው።

የኢስማት ልጅ ባሆዱር አሁንም ከኔ ጋር ነው። አልጋው ከአልጋዬ አጠገብ ነው፣ ሥራ ላይም አይለግምም። ሜይ ላይ ሊያገባ ነው፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ከሠርጉ በቀር ሌላ ወሬ የለም። ስለ ጎላው፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ መለከት ነፊው ሲያወራ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ዙልፊያ ከባድ ነገር እንዳታነሳ። አደራ፣ አደራ።

ልጅዎ ሾዲ


ኢስታራቭሻን፣ ጃንዋሪ 30፣ 2005

ለወንድሜ ልጅ ለሾዲ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ካየነው ይልቅ ያላየነውን መከራ ያርቅልህ።

ቶሎ ባለመጻፌ እንዳትቆጣ። ክረምቱ ከበደ። እኔም ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ነበር፤ አሁን ቆሜ እሄዳለሁ።

ያልከውን ሁሉ አድርጌአለሁ። ትንሿ ቧንቧ ክፍት ነች። ጎማው አልታጠፈም። ወንፊቷን አወጣኋት፤ ጥቂት አሸዋ ነበራት፣ አጥቤ መለስኳት። ባልዲው ውስጥ ስከፍተው ውሃው እንደ ሽማግሌ ሽንት ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሌላ የሚመስለው ነገር አጣሁ።

የሰፈሩን ሽማግሌ ቦቦ ናዝሪን ወስጄ አሳየሁት። እሱም ኢስማትን ጠርቶ በሰው ፊት ጠየቀው። «ቱቦው የሚገባው በአንተ ወገን ነው፤ መሃል ላይ መዝጊያ ይኖር ይሆን?» አለው። ኢስማት ከማዕዱ ላይ ኖን አንስቶ ግንባሩ ላይ አደረገ። «በኔ ወገን ምንም መዝጊያ የለም። ካለ ይህ ኖን ዓይኔን ያጥፋው» ብሎ ማለ። በዳቦ የማለን ሰው ምን ይሉታል? ቦቦ ናዝሪ ወጥቶ ሄደ።

ኢስማት በኋላ ብቻዬን አግኝቶኝ በጣም አዘነልኝ። «ሳፋርጉል፣ ይህ ቤት ለሴት ብቻዋን ይከብዳል። ወደ ልጅሽ ወደ ኡስሞን ብትሄጂ ምን አለ? ቤቱን እኔ እጠብቅልሻለሁ» አለኝ።

ለሕፃን ብለህ ያሰብከው ነገር ካለ አሁን አትላክ። መንገዱ አይታመንም። ዙልፊያ ሰላም ትልሃለች። እጇን ስላመማት አትጽፍም።

አክስትህ


ዬካተሪንበርግ፣ ፌብሩዋሪ 16፣ 2005

ለተከበሩ አክስቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ትኩሳቱ ዳግም ደጅዎን አይርገጥ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ያልገቡኝ ነገሮች አሉ። እጇን ያመማት ሰው ሁለት ቃል በሌላው እጇ መጫር ያቅታታል? ልጁስ? ቀኗ ደርሶ አልፏል። ወንድ ነው ሴት? ይህን ሳይጽፉልኝ ስለ ሽማግሌ ሽንት ጻፉልኝ። አልቆጣሁም፤ ግን ይጻፉልኝ።

የውሃው ነገር እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ ውሃ የምታስገባ ክፍል አለች፤ ውሃው ገፍቶ ካልመጣ አፏን አትከፍትም። ስለዚህ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። የመንገዱ ከሆነ ደግሞ ሁላችሁም መቸገር ነበረባችሁ። ኢኖያት ጠዋት ግቢዋን ውሃ ትረጫለች? ገላቸውን ሲታጠቡ በግድግዳው በኩል ይሰማሉ? ሁለት ቤት ባንድ ቱቦ ጠጥተው አንዱ ሞልቶ ሌላው ከተንጠባጠበ መሃል ላይ የሰው እጅ አለ።

እንደኛ ባሉ የድሮ ግቢዎች ቱቦው ከመንገድ ሲገባ ወዲያው ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ አለ። የብረት ክዳን ይኖረዋል። ቱቦው እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ቤት የየራሱ መዝጊያ። ከአጥሩ ሥር ምን እንዳለ ያስታውሱ።

ለባሆዱር ምንም አልነገርኩትም። ሳልበላ አይበላም፤ እኔን እየጠበቀ ሾርባው ይቀዘቅዝበታል። አባቱን ስጠረጥር እሱን ዓይኑን ማየት ከብዶኛል።

ሾዲ


ኢስታራቭሻን፣ ማርች 24፣ 2005

ሾዲዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ናቭሩዝ አለፈ፤ ለሁሉም አዲስ ዓመት ገባ። ቁጭ ብለህ አንብብ።

ከአጥሩ ሥር ያለው የኢስማት የእንጨት ክምር ነው። ከመከር ጀምሮ ሲከምረው ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ከሌላ ቦታ እየገዛ ሲያነድ ከዚያ ክምር አንዲት ፍልጥ አላነሳም። ይህን ያስተዋለችው ዙልፊያ ናት።

ባለፈው ሳምንት እነ ኢስማት ለልጃቸው ሠርግ ለመነጋገር ሙሽራዋ ቤት፣ ኹጃንድ፣ ሄደው አደሩ። ዙልፊያ «እንጨቱን እናንሳው» አለችኝ።

«ጎረቤት ቢያየንስ?»

«ይየን።»

ከጃንዋሪ ወዲህ ከአፏ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቃላት እነዚህ ነበሩ።

ክዳኑን በመዶሻ እጀታ ፈነቀልነው። እንዳልከው ነው። ሁለት መዝጊያ። አንደኛው እጀታ አለው፣ እስከ መጨረሻ ተከፍቷል። የኛው እጀታው ተነቅሏል። ጫፉ አዲስ ግራሶ ተቀብቷል። ዘግቶ ለዘለዓለም ለመተው የፈለገ ሰው ግራሶ አይቀባም፤ ቤቱ የሱ ሲሆን ሊከፍተው ነው። ዙልፊያ በፒንሳ ያዘችውና አዞረችው።

ቤት ገብተን ማሽኑን አበራነው። ጎማው ግድግዳው ላይ እየተንፈራገጠ ውሃው ተንደርድሮ ሲገባ ሰማነው። ክቡ መስታወት በአረፋ ተሞላ። የሠራኸው ነገር ጤነኛ ነው፤ ስምህን አጽድቼልሃለሁ።

አሁን የደበቅሁህን ልንገርህ። እኔ ትኩሳት ይዞኝ በተኛሁበት ሰሞን ዙልፊያ እኔን ሳትቀሰቅስ ባልዲዎቹን ይዛ ቦዩ ወረደች። የቦዩ ደረጃ በረዶ ነበር። ስትመለስ በሁለት እጇ ሁለት ባልዲ ሞልታለች። ኢስማት በሩ ላይ ቆሞ የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈለ «በርቺ ልጄ፣ ለነፍሰ ጡር እንቅስቃሴ ጥሩ ነው» አላት። ይህን ከአፏ ነው የሰማሁት። በሁለተኛው ዙር ወደቀች። ወንድ ልጅ ነበር። ከአማቴ አጠገብ ቀበርነው። ኢስማት ጉድጓዱን ሲቆፍሩ አግዟል፤ በካቦርታው እጅጌ ዓይኑን ጠርጓል።

ለኡስሞን እንዲሁ ሆነ፣ የአላህ ሥራ ነው ብለን ጻፍንለት። ደሙ ትኩስ ነው፤ እውነቱን ካወቀ ሰው ገድሎ እስር ቤት ይበሰብሳል።

ዙልፊያ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ ልብሱ ሲዞር ስታይ ቆየች። አላለቀሰችም። ከዚያ «መልሰው ይዝጉት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የኛን መዝጊያ። እንደነበረ። እንጨቱንም እንደነበረ እንመልስ።»

«አብደሻል? ውሃ አገኘን ስንል!»

«ባሆዱር ሜይ ላይ ያገባል» አለች።

ገባኝ። ዘጋነው። ፍልጡን አንድ በአንድ እንደነበረ ደረደርነው። አሁንም ከቦዩ እንቀዳለን። ኢስማት ያየናል፤ ያዝንልናል። ባልዲ እንደዚህ ሰሞን ቀልሎኝ አያውቅም።

የሕፃን ነገር አልጠይቅህም፤ ገንዘብም አልጠይቅህም። እነሱ ሊፈቱት የማይችሉት፣ እኛ ብቻ የምንፈታው ነገር ሥራልን።

አክስትህ


ዬካተሪንበርግ፣ ኤፕሪል 20፣ 2005

ለአክስቴ እና ለእህቴ፣

ሰላምታውን ባሳጥረው ይቅር ይበሉኝ። አላህ ሕፃኑን በጀነት ያሳድገው።

ደብዳቤውን ስጨርስ ባሆዱር ፊቴ ቁጭ ብሎ ካልሲውን ይሰፋ ነበር። ጉሮሮውን ልይዘው ተነሳሁ። ሻይ ልሰጠው የተነሳሁ መስሎት ብርጭቆውን ዘረጋልኝ።

ቀዳሁለት። ከዚያ ጠየቅሁት። «ሚስትህን የት ነው የምታስቀምጣት?»

«አባቴ በጸደይ የታችኛው ቤት ይለቀቃል ብሎኛል። ሳፋርጉል አክስቴ ወደ ልጇ ትሄዳለች መሰለኝ።»

«በገዛ ፈቃዷ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አባቴን ጠይቆ የሚያውቅ ማን አለ?»

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚልህ?»

«ካለፈው በጋ።»

በቃኝ። መዝጊያውን አያውቅም፤ ያን አመንኩት። ግን የሰው ቤት ሲለቀቅለት ለምን ብሎ አልጠየቀም። ለኔ ይህም ይበቃል።

የሠራሁላችሁ እንዲህ ነው። መዝጊያው ጫፍ ላይ የሚጠልቅ ወፍራም የብረት ቆብ አለ። የእነሱን ዝጉ፣ እጀታውን ንቀሉ፣ ቆቡን አጥልቁና አብሮት ባለው ቁልፍ አጥብቁት። ቆቡ ዙሪያውን ለስላሳ ነው፤ ፒንሳ ይንሸራተታል። በመጋዝ ልቁረጥ ቢሉም ብረቱ የጠነከረ ነው። የሚፈታውም መዝጊያውን የሚያዞረውም ያ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ሁለተኛ አልሠራሁለትም። የእናንተን በዚያው ቅጽበት ክፈቱ። ቧንቧቸው የሚቆምበትን ሰዓት ምረጡ፤ ሥጋው ተጠብሶ፣ ሩዙ ሊገባ ሲል፣ እንግዳው ለሶላት ውዱ ሊያደርግ እጅጌውን ሲጠቀልል።

ዕቃውን የሚያመጣላችሁ ባሆዱር ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰፍቼ ሰጠሁት። «ለሳፋርጉል አክስቴ፣ የማሽን ዕቃ ነው» አልኩት። አንስቶ መዘነው። «ከባድ ነው እኮ!» አለ። «አዎ፣ ከባድ ነው» አልኩት። «ለአክስቴ ከሆነ በጭንቅላቴም እሸከመዋለሁ» ብሎ ከሠርግ ልብሱ መሃል ከተተው።

ልቤ ያንን ሰዓት አልራራም። እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ሾዲ


ኢስታራቭሻን፣ ሜይ 23፣ 2005

ለሾዲ፣

አሰላሙ አለይኩም። እጅህ ይባረክ።

ባሆዱር ዕቃውን ገና ከመኪና እንደወረደ ነው ያመጣልኝ። እናቱን ሳይስም። «ሾዲ ልኮልዎታል፤ ማሽኑ አሁን ይሠራል ብሏል» አለኝ። ግንባሩን ሳምኩት። አዎ፣ ሳምኩት። ከዚያ በሬን ዘጋሁ።

የሠርጉ ዕለት ኢስማት ግቢውን እስከ በራችን ድረስ ምንጣፍ አነጠፈው። ሦስት ጎላ ተጥዷል። አብሳዮቹ ማገዶ ሲያጥራቸው ያንን ክምር ነካኩት። ኢስማት እየሮጠ መጥቶ «ከዚህ አይደለም! ከሱ አይደለም!» ብሎ ጮኸባቸውና ራሱ ሌላ ገዝቶ አመጣ። ሰው የእንጨት ንፉግ ነው ብሎ ሳቀበት።

ወንዱ በመኪና ሙሽራዋን ሊያመጣ ሄደ። ሴቱ ሳሎን ውስጥ ይጨፍራል። ዙልፊያ መጋረጃ የምታሰጣ መስላ በክምሩና በአጥሩ መካከል ገመድ ወጠረች። ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። እኔ ከፊት ቆሜ ለሚያልፈው ሁሉ ከረሜላ አድል ነበር። ስትወጣ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነበረች። «ሆነ» አለችኝ።

መለከቱ ሲነፋ፣ ሙሽራዋ ስትገባ፣ ቧንቧው ቆሟል። ለጊዜው ያወቀ የለም። ሽማግሌዎቹ ለሶላት ውዱ ሊያደርጉ ወጡ። ቦቦ ናዝሪ እጅጌውን ጠቅልሎ ቧንቧውን ከፈተ፤ ምንም። ዋናው አብሳይ ከጎላው በኩል «ውሃ! ሥጋው ሊያርርብኝ ነው፣ ውሃ!» እያለ ይጮሃል። ኢኖያት አንዱን ቧንቧ ትታ ወደ ሌላው ትሮጣለች።

ኢስማት ግን ወደ ቧንቧ አልሮጠም። ሾዲ፣ ይህን ባየህ። በአዲሱ ኮቱ፣ ደረቱ ላይ አበባ እንደሰካ፣ የሠርገኛውን መሃል ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ወደ እንጨቱ ክምር ሄደ። ፍልጡን በሁለት እጁ እየወረወረ ክዳኑን ፈነቀለ። በሆዱ ተኝቶ እጁን ጉድጓድ ሰደደ። ከበሮው ቆመ። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ።

ቦቦ ናዝሪ ውሃ ያልነካውን እጁን እንደያዘ ከኋላው ቆመ። «ኢስማት፣ እዚያ ውስጥ ምን ትፈልጋለህ?»

«መዝጊያውን... ሰው ነካክቶታል...»

«የትኛውን መዝጊያ?»

ኢስማት እጁን ከጉድጓዱ አወጣ።

«ኖን ግንባርህ ላይ አድርገህ የለም ያልከኝን?»

ዙልፊያ ቁልፉን በእጇ ይዛ በምንጣፉ ላይ መጣች። ከነጭቃዋ። «ክረምቱን ሙሉ የተዘጋው የኛ ነበር» አለች። «ዛሬ የእናንተ ነው። ከእናንተ የቀረው ሩዝ ነው። ከኔ የቀረውን ሁላችሁም ቀብራችሁታል።»

ኢኖያት ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። አላወቀችም ነበር ይሉኛል፤ እኔ አላውቅም። ባሆዱር ከሙሽራው ወንበር ተነስቶ መጣና ቁልፉን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ምን እንደተሸከመ ገባው። ፊቱ እንደ ኖራ ሆነ።

ኢስማት ተንበርክኮ «ዙልፊያ፣ ልጄ፣ እንግዳ ፊት አታዋርጂኝ፤ ክፈቺው» አለ።

ባልዲዎቼን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። «በርቱ አጎቴ። እንቅስቃሴ ጥሩ ነው» አለችው።

ሄደ። በአዲሱ ኮቱ፣ ሁለት ባልዲ ይዞ፣ በሠርገኛው መሃል፣ ወደ ቦዩ። ማንም አልተከተለውም። የገዛ ወንድሞቹም መሬት መሬት አዩ።

ለእንግዶቹ በሬን ከፍቼ ከቧንቧዬ እንዲቀዱ አደረግሁ፤ እነሱ ምን አጠፉ? ሩዙ አመሻሽ ላይ ደረሰ፣ የሙሽራዋም ቤተሰቦች ዝም ብለው በልተው ሄዱ። ልጂቱን ግን መልሰው አልወሰዷት፤ ኒካሁ ታስሮ ነበር።

ልዋሽህ አልፈልግም። ጣፈጠኝ። እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

አክስትህ ሳፋርጉል


ዬካተሪንበርግ፣ ጁን 19፣ 2005

ለተከበሩ አክስቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎን ለክፍሉ ሰው በሙሉ ማንበብ አምሮኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስታዬንም አልደብቅም።

ባሆዱር ተመለሰ። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ «ስትሰጠኝ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር» አልኩት።

«ያንን ከሠርግ ልብሴ መሃል...»

«ዛሬም ቢሆን እሰጥህ ነበር።»

በጥፊ መታኝ። ጠንካራ እጅ አለው፤ እኔ ነኝ ያጠነከርኩለት። «ስለ ዙልፊያ አላውቅም ነበር» አለ። እያለቀሰ ነው የሚለው።

«አልጠየቅህም።»

«ብጠይቅ ኖሮ...»

ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ቲዩመን ለሚሄዱ ግንበኞች ተቀላቀለ። ሚስቱን እዚያው ከአባቱ ጋር ትቷታል፤ ሌላ የት ይወስዳታል?

ጥፊውን አልመለስኩም። ለአባቱ የያዘውን ነው ለኔ የሰጠኝ፤ ለሚገባው ሰው የሚያደርስበት ቀን ይመጣል። ክፍሉ አሁን ሰፊ ነው። ሾርባዬን ሲሞቅ እበላለሁ።

ውሃውን ከፈታችሁላቸው ወይስ እንደተዘጋ ነው? ዙልፊያስ? አንድ ቃል፣ በገዛ እጇ።

ሾዲ


ኢስታራቭሻን፣ ኖቬምበር 14፣ 2005

ለወንድሜ ለሾዲ፣

አሰላሙ አለይኩም። ኢድ አለፈ፤ አላህ ደግ ዜና ያሰማህ። አክስቴ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። ኡስሞን በጸደይ እመጣለሁ ብሏል።

እጄን አላመመኝም ነበር፤ ይህን አሁን ታውቀዋለህ። የምጽፈው ነገር ስላልነበረኝ ነው። አንተና አክስቴ በተጻጻፋችሁት ሁሉ ውስጥ ስሜን እሰማለሁ። ዛሬ በራሴ ልጻፍ።

ውሃውን አልከፈትኩም። ቁልፉ ቀን በአንገቴ፣ ሌሊት ከትራሴ ሥር ነበር። ኢስማት የብረት ሠራተኛ አምጥቶ በመጋዝ ሞከረ፤ መጋዙ ተሰበረ። የውሃ መሥሪያ ቤት ሄዶ ሊከሰኝ አስቦ ነበር፤ ቦቦ ናዝሪ «ሂድ፤ እኔም መጥቼ የኖኑን ነገር እነግራቸዋለሁ» ሲለው ተወው። ስለዚህ ከቦዩ ይቀዱ ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን ራሱ ኢስማት ነበር። መስኮቴ ጋ ወንበር አውጥቼ እቀመጥ ነበር። ሲያልፍ አየው ነበር። ሥራዬ እሱ ነበር።

ከዚያ ወገቤን አለ። ኢኖያት ጉልበቴን አለች። ባልዲዎቹ ወደ ሙሽራዋ፣ ወደ ሙኒሳ ሄዱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት። ሰላም ስትለኝ ዓይኗን መሬት ትጥላለች፤ የኔን ጥላ የምትፈራ ይመስለኛል። በጋውን ሙሉ ወረደች፣ ወጣች።

አክስቴ «አሁን ይብቃ፣ ክፈቺው» ትለኝ ነበር። «ብከፍተው የሚጠጣው ኢስማት ነው» እላታለሁ። ትክክል ነበርኩ። አሁንም ትክክል ነኝ።

ያለፈው ሳምንት ቀዘቀዘ። ጠዋት ደረጃው ላይ ስስ በረዶ አየሁ። ሙኒሳ ባልዲዎቹን ይዛ ስትመጣ ከመስኮቴ ሥር ቆመች። አንዱን ባልዲ አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። አያያዙን አወቅሁት። ማንም ባይነግረኝም አወቅሁት።

ኢስማት በሩ ላይ ቁጭ ብሎ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሻይ አምሮኛል» ይላታል።

ወጣሁ። ባልዲዎቹን ከእጇ ወስጄ ጫማው ላይ ደፋሁበት። ብድግ አለ፤ ተሳደበ። እጇን ይዤ ወደ ጉድጓዱ ወሰድኳት። እግሯን መሬት ላይ ተከለች፤ የምገፈትራት መስሏት ይሆናል። ክዳኑን ከፈትኩ። ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁ። «እዪ፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይዘጋል፣ ወደ ግራ ይከፈታል። ከሱ በቀር የሚፈታው ነገር የለም» አልኳትና አስሞከርኳት። ጠባብ ነው፤ እጇ ግን ቀጭን ስለሆነ ይገባል። ቤታቸው ውስጥ ቧንቧው ሳል ሳል ብሎ ውሃው ሲወርድ ሰማነው።

ኢስማት ደርሶ እጁን ዘረጋ። «ጎበዝ። ቁልፉን ወዲህ በይ።»

ሙኒሳ እኔን አየችኝ።

«ያንቺ ነው» አልኳት። «የሱ አይደለም፣ የኔም አይደለም። መጀመሪያ አንቺ ጠጪ፣ ታጠቢ። ለሱ ስትፈልጊ ክፈቺለት፤ ካልፈለግሽ ቦዩን ያውቀዋል። ከነጠቀሽ በሬን አንኳኪ፤ አጠገብሽ ነኝ።»

«ሙሽራ፣ አማትሽ ነኝ!» አለ ኢስማት። «አባትሽ ነኝ!»

ወደኋላ መልሳ መዝጊያውን ዘጋችው። ቁልፉን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችና ሳትሮጥ ወደ ቤቷ ገባች።

ይቅር አላልኩም፣ ሾዲ። ለባሆዱር ከጻፍክ ይህን ንገረው፤ ገና ነኝ። ግን አሁን መስኮቱ ጋ አልቀመጥም።

ዛሬ ከሰዓት በግድግዳው በኩል «ሙኒሳ ልጄ፣ እባክሽ፣ ለሻይ ብቻ» ሲላት ሰማሁት።

እህትህ ዙልፊያ